ጠብታ ያልነካው ትሪ

መቶ ሃምሳ እንቁላል ያለ ጠብታ አራተኛ ቀኑን አለፈ። አንድም አልሞተም።

የሆነው በ2118 ዓ.ም. ነው፤ ፋሲካ ሊደርስ አስራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቢሾፍቱ፣ ከሐይቁ ወዲህ ባለው የጫጩት መፈልፈያ። ያየችው ብርዛፍ ናት። ዕድሜዋ አርባ አንድ፤ ዘጠኙን ዓመት ጠብታ ስትሰጥ ነው የኖረችው።

ሥራው ቀላል ነው። እንቁላሉ ማሽን በገባ በሃያ አራተኛው ሰዓት የእጇ አምባር ይነዝራታል። ምሳ ላይ ትሁን ሽንት ቤት ትሁን፣ አምባሩ አያውቅም። ገዋኗን ትለብሳለች፣ ብልቃጡን ትሰብራለች፣ እያንዳንዱን እንቁላል በወፍራም ጫፉ በኩል በመርፌ ትወጋለች፣ አንድ ጠብታ ቫይታሚን ኤ ታስገባለች፣ ቀዳዳውን በሰም ትደፍናለች። አንድ ብልቃጥ ለአንድ ትሪ፣ አንድ ትሪ መቶ ሃምሳ እንቁላል። እስከ ሃያ ስምንተኛው ሰዓት ከሰጠች ሰጠች። ከዚያ ወዲያ ብትሰጥም ባትሰጥም አንድ ነው።

ጠብታ ያላገኘ እንቁላል ውስጥ ልብ አይሠራም ብሎ የሚያስብ ሰው አለ። ይሠራል። ክፋቱ እሱ ነው። ልቡ ይሠራል፣ ይመታል፣ ግን ከአስኳሉ ደም የሚያመጣለት ሥር አይገጥምለትም። ልብ አለ፣ መንገድ የለም። እስከ ሦስተኛው ቀን ለራሱ ይመታል። በአራተኛው ያቆማል። ስልጠና ላይ አንድ ጊዜ በማጉያ አሳይተዋታል። የዚያን ቀን ምሳዋን አልበላችም።

የሀገሩ ዶሮ ሁሉ እንዲህ ነው። የሚበላው ነጭ መኖ ነው፤ በመኖው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ዶሮዋን ደህና አድርጎ ያኖራታል፣ ወደ እንቁላሏ ግን አይሻገርም። ሰው ቤትም ያው ነው። በረንዳ ላይ፣ በሽቦ ቤት፣ ሁለት ሴትና አንድ አውራ፤ የሚፈቀደው ይሄን ያህል ነው። እንቁላሉ ይበላል። መታቀፍ ያማራት ዶሮ ትታቀፋለች፣ ሃያ አንድ ቀን ትቀመጣለች፣ ምንም አይወጣም። አንዳንዱ ሰው አንጀቱ አይችልም፣ በአምስተኛው ቀን እንቁላሉን ከሥሯ ይሰርቅና ይጥላል። ጫጩት የፈለገ መፈልፈያ ሄዶ ይመዘገባል። ከዶሮ ወረርሽኙ ወዲህ፣ ስልሳ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ለዶሮ ከነጭ መኖ ሌላ የሚሰጥ የለም። ዶሮ ቅጠል ከበላች ትሞታለች። ይሄን ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ነው የሚነገረው።

ብርዛፍ ትሪ ሃያ ሦስትን የዘለለችው በለቅሶ ምክንያት ነው።

የኒቆዲሞስ እሁድ የእድሯ ሰው፣ አቶ ጉተማ፣ ሞቱ። ቀብር ሰባት ሰዓት ተባለ። ሃያ ሁለቱን ትሪ ጨርሳለች፣ አንድ ቀርቷታል፤ እስከ አስር ሰዓት ጊዜ አለው። ደርሼ እመጣለሁ አለች። የሟች ልጅ ከሐዋሳ ትመጣለች ተብሎ ሬሳ ሳይነሳ ቆየ። ባቡሩ ዘገየ። ሰው ፀሐይ ላይ ቆመ። እድር ስም የሚጠራው ከቀብር በኋላ ነው፣ ከመሀል የወጣ ሰው ደግሞ ነገ የራሱ ቀን ሲመጣ ማን ይቆምለታል? ቆመች። አምባሩ እጇ ላይ ሲነዝራት፣ ሲነዝራት፣ በነጠላዋ ሸፈነችው። ስትመለስ አስራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ትሪ ሃያ ሦስት ሠላሳኛ ሰዓቱን ይዟል።

ያኔ ያደረገችው ይሄ ነው። ብልቃጡን ሰብራ ውሃ መውረጃው ውስጥ ደፋችው። መርፌ ሳታስነካ መቶ ሃምሳውንም እንቁላል ጫፉን በሰም ቀባችው። መዝገቡ ላይ «ተሰጥቷል» የሚለውን ነካች። ከዚያ ቤቷ ሄደች።

አንድ ትሪ ሙሉውን ከሞተ ጥፋቱ የጠብታ ሰጪው ነው። ፈቃዷ ይነጠቃል። ፈቃዱ የተነጠቀ ሰው የትኛውም መፈልፈያ በር አያስገባውም፣ ከዚህ እስከ ሞያሌ። ብርዛፍ ሌላ ሥራ አትችልም። መቻልም አትፈልግም። ጫጩት ስታይ ደስ ይላታል፣ አለቀ።

ረቡዕ መጣ። አራተኛው ቀን። እንቁላል በብርሃን የሚታይበት ቀን።

የምታየው ሲፈን ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ምላሷ ስለት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እንቁላል መብራት ላይ እየደቀነች «ሕያው»፣ «ባዶ»፣ «ሙት» ትላለች። ማሽኑ ድምጿን ሰምቶ ይመዘግባል። ብርዛፍ ገብታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

«ብርዙ፣ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ሥራ ፈታሽ?»

«አልፈታሁም።»

«ታዲያ?»

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

«ትሪ ሃያ ሦስት» አለች ሲፈን ለማሽኑ። የመጀመሪያውን አነሳች። መብራቱ ላይ ደቀነችው። እንቁላሉ ቀላ። መሀሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ፣ ከነጥቧ ዙሪያ ቀጫጭን ቀይ ሥሮች፣ ልክ እንደ ሸረሪት እግር።

«ሕያው።»

ብርዛፍ ያልሰማች መሰላት።

«ሕያው። ሕያው። ባዶ። ሕያው።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ።»

«ምን ሆንሽ?»

«የመጀመሪያውን ድገሚልኝ።»

«ሕያው ነው አልኩሽ እኮ።»

«ድገሚልኝ በማርያም!»

ሲፈን ደገመችላት። ብርዛፍ አፍንጫዋ እንቁላሉን እስኪነካ ተጠጋች። ነጥቧ ትመታለች። ሥሮቹ አብረው ይንቀጠቀጣሉ። ብርዛፍ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች፣ ከዚያ ተነሳች፣ ከዚያ ደግሞ ሳቀች።

«ሎተሪ ደረሰሽ?» አለች ሲፈን።

«ቀጥይ።»

ሲፈን ቀጠለች። አስራ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ሰሙን ነካው። ሰሙ ተላጠ። እንቁላሉን አዟዟረችው። በአውራ ጣቷ ጫፍ ጫፉን ዳሰሰችው። ማሽኑን አጠፋችው።

«ብርዙ።»

«ወዬ።»

«ቀዳዳው የታል?»

ብርዛፍ የክፍሉን በር ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

ሲፈን ሌላ አነሳች፣ ሰሙን ላጠች። ሌላ አነሳች። ስምንት እንቁላል ላጠች። «አልወጋሽውም።»

«አልወጋሁትም።»

«ስንቱን?»

«ሁሉንም። ለቅሶ ሄጄ ጊዜው አለፈብኝ።»

«እና ምን በልቶ ነው የኖረው? ጸሎት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» ብርዛፍ ጮኸች። «እኔ ምን አውቃለሁ ሲፉ! ሞቷል ብዬ እኮ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም!»

«ማሳወቅ አለብኝ። ታውቂያለሽ አይደል? ካላሳወቅሁ የእኔም ይነጠቃል።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ አሳውቃለሁ።»

«ለምን ነገ?»

«ነገ እረፍቴ ነዋ።» ሲፈን ማሽኑን መልሳ አበራችው። «ሕያው» አለች።

መቶ አርባ ስድስት ሕያው። አራቱ ከመጀመሪያውም ባዶ። ሙት፣ ዜሮ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እግዜር ይመስገን ብሎ አፉን ይዘጋ ነበር። ብርዛፍ ድናለች እኮ። ማንም አያውቅም፣ ሲፈን ደግሞ አፏ ይሾላል እንጂ ሰው አሳልፋ አትሰጥም። ግን ብርዛፍ ያልገባት ነገር ልክ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ነው፤ እስክታወጣው አትራመድም። እንቁላሎቹ ላይ ያለውን ማህተም አየች። የዶሮ ቤት ቁጥር ዘጠኝ። ሁሉም ከዘጠኝ ነው።

መጋዘን ሄዳ የዕለቱን እንቁላል ጠየቀች፤ አንድ ከዘጠኝ፣ አንድ ከስምንት። መጋዘን ጠባቂው ለምን ብሎ ሳይጨርስ ወጥታለች። ካፌ ገብታ ሁለት ሰሃን አነሳች። ሲፈን ተከትላታለች፤ እረፍቷ ነገ ነው ያለችው ዛሬ የተጀመረ ይመስላል።

የስምንትን ሰበረችው። አስኳሉ ነጭ ነው፣ ውሃ እንደበዛበት ወተት። እንቁላል እንዲህ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይሄንን ነው።

የዘጠኝን ሰበረችው።

ሲፈን ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ተበላሽቷል! አትንኪው!»

ቢጫ ነው። ዝም ብሎ ቢጫ አይደለም፣ የአደይ አበባ ቢጫ ነው፣ ሰሃኑ ላይ ክብ ብሎ ተነፍቶ ቁጭ ብሏል። ብርዛፍ ጣቷን ነከረች። አሸተተችው። ላሰችው።

«ሞተች» አለች ሲፈን።

«ይጣፍጣል።»

«ሁዳዴ አይደል እንዴ?»

ብርዛፍ ጣቷን ከአፏ አወጣች። «ረስቼው ነው» አለች። «ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ። ነይ።»

ዘጠኝ ቁጥር ከካፌው ጀርባ ነው። ሽቦው ከወጥ ቤቱ በር አምስት እርምጃ አይሞላም። ሲደርሱ ዶሮዎቹ ሽቦው ላይ ተደራርበው ይጮሃሉ፤ የሌላ ቤት ዶሮ እንዲህ አይጮህም፣ ነጭ መኖ በቧንቧ ነው የሚመጣው፣ ማንንም አይጠብቅም። ወጥ ቤቱ በር ላይ እትዬ አልጣሽ ቆመዋል። የካፌው ወጥ ሠሪ ናቸው፣ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። እጃቸው ላይ ባልዲ አለ። ባልዲው ውስጥ የጎመን ግንድ፣ የካሮት ቅጠልና ልጣጭ፣ የዱባ ሆድ ዕቃ። ሁለቱን ሲያዩ ባልዲውን ወደ ጀርባቸው ሸሸጉት፣ እንዳልታየ።

«እትዬ አልጣሽ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እየጠራረግሁ።»

«ባልዲው ውስጥ ያለው ምንድነው?»

«ቆሻሻ።»

«የት ሊደፉት?»

ሴትየዋ ወደ ሽቦው አዩ። ወደ ብርዛፍ አዩ። «ልትከሺኝ ነው?»

«ኧረ አልከስም! የት ሊደፉት ነው?»

«ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ከቅበላ ጀምሮ ተበላሽቷል» አሉ እትዬ አልጣሽ፣ ቆጣ ብለው። «ጾም ነው። ለሁለት መቶ ሠራተኛ በየቀኑ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ እሠራለሁ። ልጣጩን የት ላድርገው? ልብላው? ዶሮ ፊት ለፊቴ አለ። እኔ ልጅ ሆኜ ዶሮ ያገኘችውን ነበር የምትበላው።»

«እና አልሞቱም?»

«እንዴት ይሞታሉ? ድምፄን ሲሰሙ እንዴት እንደሚያሳብዳቸው አታይም?»

«ስንት ቀን ሰጧቸው?»

«ጾሙ ከገባ ጀምሮ። በየቀኑ። አሁን ልትቆጪኝ ከሆነ ተቆጪኝና ልሂድ፣ ሽሮ ጥጄ ነው የመጣሁት።»

ብርዛፍ ሁለቱን ጉንጫቸውን ይዛ ሳመቻቸው። ግንባራቸውንም ሳመቻቸው። «እትዬ አልጣሽ፣ ነገም ይጣሉላቸው። ከነገ ወዲያም ይጣሉላቸው።»

«ጤና የላትም?» አሉ ሴትየዋ ለሲፈን።

«ከጠዋት ጀምሮ ነው» አለች ሲፈን።

ሐሙስ ዕለት ብርዛፍ የመጣችው ተረኛ ሳትሆን ነው። ስልሳ እንቁላል ከስምንት፣ ስልሳ ከዘጠኝ አመጣች። ማሽን ስድስት ጥግ ላይ፣ ከታች፣ የማይታይ መደርደሪያ አለ። እዚያ አስገባችው። አርብ አምባሩ ሲነዝራት የሌሎቹን ትሪዎች ሰጠች። እነዚያን አልነካችም። ሆን ብላ። እንቁላል ላይ ሆን ብላ ክፉ ስታደርግ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው፤ የስምንቱን ስልሳ እንደምትገድል ታውቃለች። ግን ካልሞቱ ምን ታውቃለች? ግድ ነው።

ቀኑ አልሄድ አለ። ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ማሽኑን ከፍታ ዘጋች። ሲፈን አራተኛው ላይ ያዘቻት።

«ብትከፍቺውም አይፈጥንም።»

«አውቃለሁ።»

«ሙቀቱን ነው የምታስወጪው።»

«ዝጊዋ ታዲያ!»

ሆሳዕና ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ ዘንባባዋን ጣቷ ላይ አሰረች፣ ከቅዳሴው ግማሹን አልሰማችውም። ከጎኗ የቆመችው ጎረቤቷ በሹክሹክታ ዶሮዬ ታቀፈችብኝ፣ አንጀቴን በላችው፣ ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው አለቻት። ብርዛፍ ልትናገር አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ነገ። ነገ አውቃለሁ።

ሰኞ። አራተኛው ቀን። ሲፈን ድምፅ መዝጋቢውን ማሽን አጠፋች፣ ይሄ የሚመዘገብ አይደለም። መጀመሪያ የስምንትን አነሳች።

«ሙት። ሙት። ባዶ። ሙት።» ድምጿ እየቀነሰ ሄደ። ሃምሳኛው ላይ ቃሉን ማለት ትታ ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች። ስልሳውም አለቀ።

«አሁን የዘጠኝን» አለች ብርዛፍ።

«ሕያው።»

«ሌላ።»

«ሕያው። ሕያው። ሕያው።»

ሃምሳ ስምንት ሕያው፣ ሁለት ባዶ። ብርዛፍ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ እንቁላል ወስዳ ቅርፊቱን በመቀስ እንደ መስኮት ከፈተችው። የስምንቱ ውስጥ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ነጥብ አለች፣ ብቻዋን፣ ዙሪያዋ ነጭ ሜዳ። ቆማለች። የዘጠኙ ውስጥ ያቺው ነጥብ አለች፤ ትዘላለች። በግራ በቀኝ ቀይ መንገድ ወጥቶላታል፣ መንገዱ ቅርንጫፍ አውጥቷል፣ ቅርንጫፉ ቢጫው ላይ ተሰራጭቷል፣ ደሙ ሲሄድ ሲመጣ በዓይን ይታያል።

ሁለቱ ሴቶች ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጭተው አዩት።

«ጎመን ነው?» አለች ሲፈን። «ይሄ ሁሉ በጎመን?»

«ጎመንና ካሮት። ዶሮዋ ራሷ ሠርታ ታስገባለታለች። ሲፉ፣ ራሷ ነው የምታስገባለት!»

ብርዛፍ ልታቅፋት ተነሳችና ቆመች። «ሕማማት ነው።»

«እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ» አለች ሲፈን፣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ብርዛፍ ሌላ የዘጠኝ እንቁላል ሰሃን ላይ ሰብራ፣ ገዋኗን ሳታወልቅ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሮጠች። መሮጥ የተከለከለበት ኮሪደር ነው። ኃላፊው አቶ ደምሰው ሊቆጧት ሲነሱ የቢጫውን ሰሃን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችላቸውና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ለቅሶውን፣ ሰሙን፣ የውሸት መዝገቡን፣ ጎመኑን፣ ስልሳና ስልሳውን። ስትጨርስ ትንፋሽ አልቀረላትም።

አቶ ደምሰው ሰሃኑን ከወረቀታቸው ላይ ገፋ አደረጉት። «መዝገብ ዋሽቻለሁ እያልሽኝ ነው?»

«አዎ። ግን አይታዩም እንዴ? ጠብታ አያስፈልግም! ሰው ቤቱ ማስፈልፈል ይችላል!»

«አንቺ ሴትዮ፣ መፈልፈያ ውስጥ ቆመሽ ሰው ቤቱ ማስፈልፈል ይችላል ትያለሽ?» ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሦስት ልጅ አላቸው፣ ይፈራሉ። «ይሄ ከእኔ በላይ ነው። ለድርጅቱ እደውላለሁ።»

«ይደውሉ! እነሱም ይስሙ!» አለች። እውነቷን ነው። ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር።

ጠብታውንም ነጭ መኖውንም የሚያቀርበው ድርጅት ሰው የላከው ረቡዕ ነው። ዶክተር ኢዮስያስ ይባላል፣ ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፣ ጫማው ንጹህ ነው። ሊጨብጣት እጁን ዘረጋና ሕማማት መሆኑ ትዝ ብሎት ልቡ ላይ አደረገው። አቶ ደምሰው ከቢሮው ወጡላቸው። ብርዛፍ ከመቀመጡ በፊት ሁለት እንቁላል ሰበረችለት።

ቢጫውን ጎንበስ ብሎ አየው። ፈገግ አለ።

«ያምራል» አለ። «ካየሁ ቆይቻለሁ።»

«የት አይተዋል?»

«ትምህርት ቤት። ቤተ ሙከራ ውስጥ።»

ብርዛፍ የያዘችውን ቅርፊት አስቀመጠች። «ታውቁት ነበር?»

«ወይዘሮ ብርዛፍ፣ ይሄ እኮ የቆየ እውቀት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። መኖው እንደዚያ የተሠራው ይሄ ስለሚታወቅ ነው።» ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ሕፃን እንደሚያስረዳ። «ሙከራዎን ግን አደንቃለሁ። ማወዳደሪያ ማድረግዎ፣ በጣም ጥሩ ነው። ማንም ሳያስተምርዎ።»

«ቅጠል ዶሮ ይገድላል የሚባለውስ?»

«ማን አለ?»

«ሁሉም ሰው።»

«እኛ ብለን አናውቅም። አንድም ቦታ አልጻፍነውም። ሰው ነው ያለው።» ትንሽ አሰበ። «አላስተባበልንም፣ እሱ እውነት ነው።»

እሱ ቦርሳውን ከፍቶ ወረቀት አወጣ። በትሪ ሃያ ሦስትና በዘጠኝ ቁጥር ላይ የመኖ ብክለት ተገኝቷል ይላል። ጠብታ ሰጪዋ በጊዜው አሳውቃለች ይላል። ስለ ለቅሶው የለም። ስለ መዝገቡ የለም። እሷ ከፈረመች ፈቃዷ አይነካም፤ እንዲያውም ከመስከረም ጀምሮ አሰልጣኝ ትሆናለች። ዘጠኝ ቁጥር ነገ ጠዋት ይጸዳል። ሽቦውና ወጥ ቤቱ መሀል ግንብ ይሠራል። እትዬ አልጣሽ በምስጋና ጡረታ ይወጣሉ።

«ይጸዳል ማለት?»

«ዶሮዎቹ ይወገዳሉ። ትሪዎቹም።»

«ትሪ ሃያ ሦስት አስራ አንደኛ ቀኑ ነው። ላባ ማብቀል ጀምሯል። ይንቀሳቀሳሉ፣ መጥተው ይዩ።»

«አዝናለሁ» አለ። ያዘነም ይመስላል። «ፈርመው ቤትዎ ይሂዱ፣ የፋሲካ ሥራ አለብዎት። ካልፈረሙ ግን መዝገቡን መክፈት አለብኝ። የውሸቱን።» እስክሪብቶውን ወደ እሷ አዙሮ ገፋላት።

ብርዛፍ እስክሪብቶውን አየችው። ዘጠኙ ዓመት ታያት። ስንት መቶ ሺህ እንቁላል እንደወጋች አሰበችና ተወችው፤ ማሰብ አይሆንላትም፣ ጊዜም የለም፣ ነገ ጠዋት ነው ያለው። ደረቷ ላይ የተሰካውን ፈቃድ ነቀለች። ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄን ምን አመጣው?» አለ ዶክተር ኢዮስያስ።

«ያንተው ነው። ውሰደው።»

«ወይዘሮ ብርዛፍ፣ ትንሽ ይረጋጉና...»

እሷ ወጥታለች። ኮሪደሩን በሩጫ አለፈችው። ሲፈን ከጨለማው ክፍል አንገቷን አውጥታ ብርዙ ምን አሉሽ ብላ ጮኸች፤ ብርዛፍ ነይ ብቻ አለቻት፣ አልቆመችም። ከኋላ የአቶ ደምሰው ድምፅ ይሰማል፣ የንጹሁ ጫማ ኮቴም።

በሩ ላይ የፋሲካ ዶሮ ወረፋ አለ። ከጠዋት ጀምሮ የቆመ ሰው፣ ስልሳ ይሆናል፣ ሰባም ይሆናል። ጃንጥላ የዘረጋች አለች፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ አሉ፣ ለወረፋው የሚጣሉ ሁለት ሴቶች አሉ። ጥበቃው ወንበሩን ትቶ ሁለቱን ሊገላግል ሄዷል።

ብርዛፍ ወንበሩ ላይ ወጣች።

«ቤታችሁ ዶሮና አውራ ዶሮ ያላችሁ» አለች፣ «እጅ አውጡ!»